ኮሌታ አልነካም

«ተንፍስ!»

ሰውየው መስታወቱ ፊት ደረቱን ነፍቶ፣ ሆዱን ወደ ውስጥ ስቦ ቆሟል። ፊቱ ቀልቷል። ልብስ ሰፊዋ ከኋላው ሆና ስፒሎቹን በከንፈሯ እንደያዘች፣ አንዱንም ሳትሰካ ትጠብቀዋለች።

«ተንፍስ አልኩህ እኮ! ትንፋሽህን ይዘህ የለካሁልህ ሸሚዝ ነገ ወንበር ላይ ስትቀመጥ ቁልፉን ይተፋዋል። ከዚያ ‹ሸሚዜን አበላሸችው› ብለህ ስሜን በየደጁ ልታዞረው?»

ሰውየው ተነፈሰ። ሆዱ ከቀበቶው በላይ ወጥቶ ተቀመጠ።

«እንዲህ ነው። ለፍተህ ያመጣኸው ሆድ ነው፤ ምኑ ያሳፍርሃል?» አለችና የመጀመሪያውን ስፒል ሰካች።

ሰፈሩ «እትዬ መርፌ» ነው የሚላት። ስሙን ማን እንዳወጣላት አይታወቅም፤ ለምን እንደወጣላት ግን ሁሉም ያውቃል። ምላሷ ከመርፌዋ ቀድሞ ይወጋል። ሱቋ በጫማ መደብርና በፎቶ ቤት መሀል የተሸጎጠች አንድ ክፍል ናት። በመስኮቱ በኩል የስፌት መኪናዋ፣ በግድግዳው በኩል ረጅሙ መስታወት፣ ጥግ ላይ ካውያውና የውሃው ጆግ አሉ። ከመስታወቱ አጠገብ ያለውን በርጩማ ደንበኛ ሁሉ ተራ መጠበቂያ ይመስለዋል። እሷ ግን በርጩማውን ያስቀመጠችው ለሥራ ነው፤ ቆሞ የተለካውን ሰው ታስቀምጥበትና ሸሚዙ ሆዱ ላይ ሲወጠር፣ በቁልፎቹ መሀል ሲከፈት ለራሱ ታሳየዋለች።

ሸሚዝ ለማስጠበብ እሷ ጋ መሄድ ፈተና ነው። ከሱቅ ወጥቶ ውሃ ያልነካው አዲስ ሸሚዝ የያዘ ሰው ከበር ይመለሳል። «አጥበህ አምጣው፤ ጥጥ መሰብሰቡን ሳይጨርስ እኔ አልነካውም» ትለዋለች። የትከሻው ስፌት ከትከሻው አጥንት አልፎ ወደ ክንዱ የወረደበትም ይመለሳል። ጎን ይጠባል፣ እጅጌ ያጥራል፣ ትከሻ ግን ከተበላሸ ሸሚዙን እንደ አዲስ መስፋት ነው፤ እሷ ደግሞ «እኔ ሙት አላስነሳም» ባይ ናት። ከዚህ ያለፈ ሰው ለሥራ የሚያደርገውን ሱሪና ቀበቶ አድርጎ ይቆማል፣ ይቀመጣል፣ አውቶቡስ ውስጥ ብረት እንደያዘ ሰው ሁለት እጁን ያነሳል። እጅጌውን የምትለካው ክንዱን አሳጥፋ ነው፤ ተዘርግቶ የተለካ ክንድ ሲታጠፍ እጅጌው ወደ ክርኑ ይሸሻልና። ይህን ሁሉ ስታደርግ እየተቆጣች ነው። ሰው ለአንድ ቀን የሚበላውን ሲገዛ መርጦ፣ ለዓመት የሚለብሰውን ሲገዛ ግን ዐይኑን ጨፍኖ መሆኑ አንጀቷን ያሳርረዋል።

ኮሌታ ላይ ስትደርስ ሁለት ጣቷን በአንገትና በኮሌታው መሀል ታስገባለች። ሁለት ጣት ካልገባ ሸሚዙ ያንቃል፤ ሦስትና አራት ጣት ከገባ ደግሞ ሸሚዙ የሌላ ሰው ነው። «ኮሌታ አልነካም» ትላለች ያኔ፤ የፈለገ ቢለምናት አትነካም። የኮሌታን ቁልፍ ወደ ውስጥ ማስጠጋት ማንም ያውቃል፤ ኮሌታው ይጣመማል፣ ከረባቱ ወደ ጎን ይሄዳል፣ ሰውየው ቀኑን ሙሉ አንገቱን ያዞረ ይመስላል።

ከሁሉ በላይ አጥብቃ የምትጠብቀው ሕግ ግን ሌላ ነው። ጎን ስታጠብብ ትርፉን ጨርቅ አትቆርጥም። ወደ ውስጥ አጥፋ፣ በካውያ አስተኝታ ትተወዋለች። ሰው ይከሳል፣ ሰው ይወፍራል፤ የዛሬ ልክ የዘላለም ልክ አይደለም። ሸሚዙን መልሶ ማስፋት የሚቻለው ያ ትርፍ እዚያው ካለ ብቻ ነው።

ከመንገዱ ማዶ፣ ሦስት በር ዝቅ ብሎ ያለው ልብስ ሰፊ ግን ይቆርጣል። በሩ ላይ «አስቸኳይ ስፌት፣ ቆመው ይውሰዱ» የሚል ሰሌዳ ስለሰቀለ ስሙ «አስቸኳይ» ሆኖ ቀርቷል። ስሙ በተነሳ ቁጥር እትዬ መርፌ «ራስ ሳይጠና ጉተና!» ትላለች። የእሱን ስህተት ሊያስቃኑ የሚመጡ ደንበኞች አሉ፤ ጎኑን ስትገለብጠው ትርፍ የለም፣ ጠርዝ እየቆረጠ በሚዘመዝመው መኪና፣ በኦቨርሎክ ተላጭቷል። ያን ቀን ሱቋ ውስጥ መቀመጥ ያስቸግራል።

በዚህች ምድር ላይ እትዬ መርፌን «አንቺ ልጅ» ብሎ የሚጠራት አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ታላቅ ወንድሟ። እሷ ደግሞ አፏን ከፈታችበት ጊዜ ጀምሮ «ወንድም ጋሼ» ትለዋለች። ወላጆቻቸው ሲሞቱ እሱ ነው ያሳደጋት፣ ሙያ ያስተማራት፣ የስፌት መኪናዋን የገዛላት። ሚስት ሳያገባ የቀረው በእሷ ምክንያት ነው ይባላል። እሱ ራሱ ግን «አንቺን የመሰለች እህት እያለችኝ ማን ደፍራ ቤቴ ትገባለች?» ብሎ ይስቅባታል። የሚሠራው በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ነው። ምድር ቤት ውስጥ፣ ከመደርደሪያና ከአቧራ በቀር የሚያየው በሌለበት ክፍል፣ በየቀኑ ሸሚዝና ከረባት አድርጎ ይገባል። ስድስት ሸሚዞች አሉት፤ ስድስቱንም በልኩ ያደረገቻቸው እሷ ናት።

ከስምንት ወር በፊት ስድስቱንም በፌስታል አድርጎ መጣ።

«ሰፉኝ» አላት።

«እሰይ! ያ ቦርጭ ተሰናበተህ?»

«በእግሬ እየሄድኩ ነው። አውቶቡስ ትቻለሁ።»

ደስ አላት። እሷ ደስ ሲላት የሚታወቀው ስድቧ ሲቀንስ ነው። ስድስቱንም በአንድ ቀን አጠበበችለት፤ በሁለት ጎን ተደምሮ ስድስት ሴንቲ ሜትር ሆነ። ሲሄድ በመስኮቱ አየችውና ወጣት የመሰለ ሰው ነው ብላ ለፎቶ አንሺው ነገረችው።

ከሦስት ወር በኋላ ያንኑ ፌስታል ይዞ ተመለሰ።

«አሁንስ በዛ። ምንድን ነው የምትበላው አንተ? እየበላህ ነው?»

«ኧረ እንደ ጉድ ነው የምበላው! ደግሞ ይርበኛል።»

ሸሚዞቹን እስክትሰካ ድረስ ከጥግ ያለውን ጆግ አንስቶ አንድ ብርጭቆ ጠጣ። ሌላ ቀዳ። ሌላ ደገመ። ከዚያ ጓሮ ወዳለው ሽንት ቤት ወጣ፣ ተመለሰ፣ የቀረችውን ጨለጣት። ጆጉ ባዶ ሆነ። ያ ውሃ ለካውያው የምትረጨው ነበርና እትዬ መርፌ ቱግ አለች።

«የግመል ዘር ነህ እንዴ? ጆጌን አድርቀህ ሽንት ቤቴን ልትሞላልኝ ነው የመጣኸው? ውሃ ቤትህ የለም? እኔ በምን ልተኩስ?»

እሱ ሳቀ፤ ግን ሳቁ አጭር ነበር። እሷም እያጉረመረመች ተቀመጠችና ከመጀመሪያው ስፌት ወደ ውስጥ ሌላ ስፌት ሰፋች። በዚያ ስፌት ኮርታበታለች። ከፊተኛው ጋር እኩል ለእኩል የሚሄድ፣ አንዲት የመርፌ ቀዳዳ እንኳ ያልተዛነፈበት መስመር ነበር። ሌላ ስድስት ሴንቲ ሜትር።

ከዚያ በኋላ ወንድሟ ቀረ። ስትደውልለት «ሥራ በዛብኝ» ይላታል። በውሃው ተቀይሞ ነው ብላ ገመተች። ይቅርታ ለማለት አሰበችና መልሳ ተናደደች፤ ለአንድ ጆግ ውሃ የሚያኮርፍ ሽማግሌ የት አለ ብላ። ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነና ነገሩ ሰነበተ።

ያ ሆዱን ያስተነፈሰችው ሰውዬ «በስንት ሰዓት ልምጣ?» ብሎ ገና ከበሩ ሳይወጣ፣ ወንድሟ በበሩ ብቅ አለ። ኮት ደርቧል፣ አንዲት ነጭ ሸሚዝ በጋዜጣ ጠቅልሎ ይዟል።

«ቀናህ እንዴ መንገዱ?» አለችው እንደ ማሽሟጠጥ።

«ዓርብ የሠላሳ ዓመት አገልግሎት የምስክር ወረቀት ሊሰጡኝ ነው። ፎቶ አለ» አለና ሸሚዙን ዘረጋላት። «ኮሌታውን ብቻ ትንሽ…»

«ኮሌታ አልነካም። አንተም እንደማንም ትጠይቀኛለህ?»

«ለፎቶ ብቻ ነው፣ እባክሽ።»

«ልበሰውና ልየው።»

«መልበስ አያስፈልግም፤ ቁልፉን ትንሽ…»

«ሰው ሳልለካ ጨርቅ ለክቼ አውቃለሁ? ግባና ልበስ!»

ከመጋረጃው ኋላ ብዙ ቆየ። ሲወጣ ኮቱን መልሶ ከላይ ደርቦት ነበር። ኮቱን ራሷ ገፈፈችው። ሁለት ጣቷን ኮሌታው ውስጥ አስገባች። ሦስተኛዋም ገባች። አራተኛዋም ገብታ ቦታ ተረፈ። ኮሌታው ደግሞ ተጣሞ ወደ ግራ ሄዷል፤ ቁልፉ ከቦታው ተነስቶ ወደ ውስጥ ተሰፍቷል። የተሰፋበት ክር የሚያብለጨልጭ ናይለን ነው። እትዬ መርፌ በዕድሜዋ ነጭ ሸሚዝ በናይለን ክር ሰፍታ አታውቅም።

«ማነው ይሄን ቁልፍ ያንቀሳቀሰው?»

 የሸሚዙን ጫፍ ይዛ ጎኑን ገለበጠችው። ውስጡ ላይ የእሷ የመጀመሪያ ስፌት ነበር፣ ከተፈታ በኋላ የመርፌ ቀዳዳው ብቻ የቀረ። ቀጥሎ ሁለተኛው። ከእሱ ወደ ውስጥ ደግሞ እሷ የማታውቀው ሦስተኛ መስመር አለ። ከመጀመሪያው መስመር ወደ ውጭ መኖር የነበረበት ትርፍ ጨርቅ ግን የለም። ተቆርጦ በኦቨርሎክ ተላጭቷል።

«አስቸኳይ ጋ ሄድክ» አለች። ድምፅዋ መጀመሪያ ዝቅ ያለ ነበር። «እኔ እህትህ እዚህ ተቀምጬ፣ መንገድ ተሻግረህ ለዚያ ቆራጭ ሰጠኸው! የኔን እጅ ለሱ! ሰፈሩ አይቶህ ይሆናል እኮ! ምን ይላሉ? ‹የገዛ ወንድሟ እንኳ ሸሽቷታል› አይሉም?»

«አንቺ ልጅ፣ ለሸሚዝ ነው ይሄ ሁሉ?»

«ትርፉን ቆርጦታል! ነገ ብትወፍር ከየት አምጥቼ ነው የማሰፋው?»

«እንግዲህ የምወፍርም አይመስለኝ» አለ ወንድሟ፤ በርጩማው ላይ ቁጭ አለ።

ይህን ሰምታዋለች። ቆይታ ስታስበው በደንብ ሰምታዋለች። ያን ጊዜ ግን ጆሮዋ ውስጥ የነበረው ያ የኦቨርሎክ ክር ብቻ ነው። ሸሚዙን አስወለቀችው፣ ጭብጥ አድርጋ ይዛው መንገዱን ተሻገረች። አንድ መኪና ጡሩምባ ነፋባት፤ ለሹፌሩም የሚገባውን ነገረችው።

የአስቸኳይ ሱቅ ከእሷም ትጠባለች። ራዲዮው ይጮሃል፣ ወለሉ ቁርጥራጭ ጨርቅ ነው፣ ኦቨርሎኩ በመሀል ተገትሯል። ሸሚዙን ጠረጴዛው ላይ ወረወረችበት።

«ማነው ትርፍ ቁረጥ ያለህ?»

አስቸኳይ አየውና ወዲያው አወቀው። ራዲዮውን አጠፋ።

«እትዬ፣ እስቲ ተቀመጪ።»

«አልቀመጥም! መልስልኝ! ሁለት ጊዜ ያጠበብኩትን ሸሚዝ፣ ትርፉን አስተኝቼ የተውኩትን፣ በምን ሥልጣንህ ነው የላጨኸው?»

«ትርፉ በዛ እኮ። ያንቺ ሁለት መታጠፊያ አለ፣ የኔ ሲጨመርበት ሦስት። እንደዚያ ወፍሮ ቢቀር ጎናቸውን ይፈትጋቸዋል። ጎናቸው ላይ ሥጋ የለም፣ አጥንት ነው።»

«ለቀባሪው አረዱት! አንተ ነህ ለኔ ስፌት የምታስረዳው?»

«እሺ፣ ስፌቱን ተይው። ጥፋተኛ ነህ በይኝ» አለ አስቸኳይ። ትንሽ አመነታና፣ «ለመሆኑ ሐኪሙ ምን አላቸው?» ሲል ጠየቃት።

«የምን ሐኪም?»

አስቸኳይ አያት። ከዚያ ዐይኑን ወደ ጠረጴዛው መለሰ።

«ሲለኩ ቀበቶአቸውን አየሁት። በምስማር ሦስት ቀዳዳ በስተውበታል። ‹ጋሼ፣ አሞዎታል እንዴ?› አልኳቸው። ‹ሳያመኝ አይቀርም› አሉኝ። ሌሊት ሌሊት ውሃ ሲጠጡና ሽንት ቤት ሲመላለሱ እንደሚያነጋባቸው፣ ዐይናቸውም ብዥ እንደሚልባቸው ነገሩኝ። ሐኪም ቤት ይሂዱ ብዬ ለመንኳቸው። ‹እህትዎ ያውቃሉ?› ስላቸው ‹እሷ እንዳትሰማ፣ ትቆጣለች› አሉ። እሄዳለሁ ስላሉኝ የሄዱ መስሎኝ ነበር።»

 እትዬ መርፌ ሸሚዙን አነሳችና ጎኑን እንደገና ገለበጠችው። አንድ መስመር፣ ሁለት መስመር፣ ሦስት መስመር። ስድስት፣ ስድስት፣ ስድስት። በስምንት ወር ውስጥ የወንድሟ ሰውነት ከመስመር ወደ መስመር ሲሸሽ እሷ እየተከተለች ሰፍታለታለች። አሳምራ፣ ተኩሳ፣ አጣጥፋ። አንድ ጊዜም ቀና ብላ ፊቱን አላየችም። ሰው አቁሞ ሠርቶ በሚሸኘው በዚህ ቆራጭ፣ ሰው ይዘርፋል ብላ በየቀኑ በምትረግመው ሰው ቤት፣ ወንድሟ አንድ ጊዜ ተለክቶ ተጠየቀ። እሷ ቤት ሁለት ጊዜ ተለክቶ ስለ ጆግ ተሰደበ።

የምትቆጣው ሰው አጣች። በአስቸኳይ ላይ ልትጮህ ፈለገች፤ አልሆነላትም። በወንድሟ ላይ ያለው ቁጣ ግን ገና ትኩስ ነበርና እሱን ይዛ ተመለሰች።

ወንድሟ በካናቴራ በርጩማው ላይ እንደተቀመጠ ነው። ጆጉ በእግሩ ሥር ባዶውን ቆሟል። የክንዱን አጥንት አሁን ነው ያየችው።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል አልሰማህም?» ጮኸችበት። «ለማያውቅህ ሰው ትናገራለህ፣ ለኔ ትደብቃለህ! ምን አደረግኩህ? ንገረኝ እስቲ፣ ምን አደረግኩህ?»

ወንድሟም በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ጮኸባት።

«እንዴት ብዬ ልንገርሽ? ለአንድ ጆግ ውሃ ሰማይ ምድሩን ያናወጥሽ ሰው፣ ታምሜያለሁ ብልሽ ምን ልትይኝ ነበር? መጣሁ እኮ! ሁለት ጊዜ መጣሁልሽ! ታይዋለሽ ብዬ ነው የመጣሁት!»

 ከጎን ካለው ፎቶ ቤት ሰው ሲስቅ ይሰማል። እትዬ መርፌ ከንፈሯ ላይ ስፒል ያለ ይመስል በጣቷ ነካችው። ምንም የለም።

«ልበስ» አለችው።

«ዓርብ ይለፍና…»

«አሁን! ዓርብህ ገደል ይግባ!»

ሱቋን ቆለፈች። ያ ባለ ሆዱ ሰውዬ ከበሩ ላይ አገኛቸውና «ሸሚዜስ?» ሲል «ነገ! ነገ እኖራለሁ፣ አልሞትም!» አለችው። ከዚያ አፏን ያዘች።

ጤና ጣቢያው ውስጥ ረጅም አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ተራ ጠበቁ። ከተቀመጡ ጀምሮ ሦስት ጊዜ ሽንት ቤት ሄደ፤ እሷም በየጊዜው እንዲህ እስኪዘገዩ ድረስ እነዚህ ሰዎች ምን እየሠሩ ነው እያለች በረኛውን አደከመችው። ነርሷ የወንድሟን ጣት ወግታ አንዲት ጠብታ ደም ወሰደች፣ መሣሪያውን አይታ ሐኪሙን ጠራች።

ሐኪሙ ወጣት ነበር። ጠየቀ። ውሃ ይጠማዎታል? አዎ። ሽንት ይመላለስብዎታል? አዎ። ይርብዎታል? አዎ። እትዬ መርፌ እያንዳንዱን መልስ ወንድሟ ሳይናገረው ታውቀው ነበር።

«ምን ያህል ቀነሱ?»

«ኪሎዬን ተመዝኜ አላውቅም» አለ ወንድሟ።

«አሥራ ስምንት ሴንቲ ሜትር» አለች እትዬ መርፌ። «ወገቡ ላይ። በስምንት ወር።»

ሐኪሙ ቀና ብሎ አያት።

«ይለኩት ነበር?»

«አዎ።»

«እና ምን አደረጉ?»

«አጠበብኩለት» አለች።

ሐኪሙ ወረቀቱ ላይ ጻፈው። ስኳር ነው አለ፤ በጣም ከፍ ያለ። ሁለት ሦስት ሳምንት ቢቆይ ኖሮ ራሳቸውን ስተው ነበር የሚያመጧቸው አላት። ወዲያው አልጋ አስያዙት፣ ክንዱ ላይ ስኳር የሌለበትን የጨው ውሃ ሰኩለት፣ የኢንሱሊን መርፌ ጀመሩለት። ጥሙን ለማስታገስ በቀን አራት አምስት ጠርሙስ ለስላሳ ሲጠጣ እንደነበርም ያን ቀን ተናገረ። «አራት አምስት!» ብላ ስትጮህ ነርሷ ከክፍሉ አስወጣቻት። ኮሪደሩ ላይ ቆማ፣ ግድግዳውን ተደግፋ፣ አለቀሰች። ስታለቅስም ተናዳ ነበር።

ዓርብ መጣ፣ አለፈ። የምስክር ወረቀቱን አንድ ባልደረባው በፖስታ አድርጎ አልጋው ድረስ አመጣለት። ፎቶው የሌሎች ሆነ።

አስቸኳይ ከአንድ ሳምንት በኋላ ሱቋ መጣ።  ከኪሱ ሁለት ቀጫጭን ነጭ ጨርቆች አወጣ፤ ከሸሚዙ ጎን የቆረጣቸው ናቸው። ከቁርጥራጭ ማዳበሪያው ሥር ሲፈልግ ሁለት ቀን እንደፈጀበት ተናገረ።

እትዬ መርፌ ተቀበለችው። ጠርዙን በጣቷ አየችው።

«ቆራጭ» አለችው። ከዚያ በእግሯ በርጩማውን ወደ እሱ ገፋችለት፤ ተቀመጠ።

እንግዲህ ሸሚዝ ለማስጠበብ እትዬ መርፌ ጋ የሚሄድ ሰው ፈተናው ጨምሮበታል። ሜትሯን ከአንገቷ ከማውረዷ በፊት ፊቱን ታያለች። «ካለፈው ምን አጎደለህ? ትበላለህ? ትተኛለህ? ውሃ ይጠማሃል?» ብላ ታፋጥጠዋለች። አንዳንዱ ይስቃል፣ አንዳንዱ «እኔ ለሸሚዝ ነው የመጣሁት» ብሎ ይቆጣል። የሚቆጣውን እሷ ብሳ ትቆጣዋለች። ጥግ ላይ ያለው ጆግ ሁለት ሆኗል፤ የካውያውና የሰው።

ወንድሟ ሱቋ በእግሩ የመጣው በአምስተኛው ወር ነው። ጠዋትና ማታ መርፌውን ራሱ ይወጋል፣ ለስላሳ በዐይኑም አያይም። የምስክር ወረቀቱን በክንዱ ሥር ይዟል፤ ጎረቤት ካለው ፎቶ ቤት ገብቶ፣ ያመለጠውን ፎቶ ሊነሳ ነው።

ነጩን ሸሚዝ ከመጋረጃው ኋላ ለበሰ። ጎኖቹ ላይ የተቆረጡት ጨርቆች ተመልሰው ተሰፍተዋል። ልብ ብሎ ላየው ስፌቱ ይታያል፤ እሷ በምንም ልትደብቀው አልቻለችም፣ ብትችልም አትደብቀውም ነበር። ወጣና መስታወቱ ፊት ቆመ። ቆሞም ደረቱን ነፋ፣ ሆዱን ወደ ውስጥ ሳበ።

«ተንፍስ!» ጮኸችበት።

ተነፈሰ። እፍኝ የማትሞላ ሆድ ከቀበቶው በላይ ብቅ አለች። ወንድሟ በመስታወቱ ውስጥ አያትና አፈረ።

እትዬ መርፌ ወደ ፊቱ ዞረች። ኮሌታውን ቆለፈችለት፤ ቁልፉ ወደ ጥንት ቦታው ተመልሷል። ሁለት ጣቷን አስገባች። ሦስተኛዋን ሞከረች፤ አልገባ አለች። እንደገና ሞከረች። ጣቶቿን ግን አላወጣችም፤ እዚያው፣ አንገቱ ላይ፣ የደም ሥሩ እየመታ ከሚሰማት ቦታ ተዋቻቸው።

«አንቺ ልጅ፣ አነቅሽኝ እኮ።»

«ዝም በል» አለችው። «እየለካሁ ነው።»